ዝናቡ የሚወጣበት ቀን፦ ከሸዋ ተራሮች እስከ አዋሽ ሸለቆ የመጸው መግቢያ የአየር ትንበያ እንዴት ይነበባል?

በእንቁጣጣሽ ማለዳ ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከሪያድ ወደ አገር ቤት የሚደወል ስልክ ከመልካም ምኞቱ ቀጥሎ አንድ የተለመደ ጥያቄ አለው፦ «ክረምቱ እንዴት ነው?» መልሱም ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፦ «ተመስገን፣ ዝናቡ ጥሩ ነው።»

ይሁን እንጂ መስከረም 1 ቀን የሚሰጠው ይህ መልስ ገና ያላለቀ ነገር ነው። ከሸዋና ከወሎ ተራሮች አንሥቶ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ላለው ነዋሪ የዓመቱ እህል፣ የከብቱ ግጦሽና የቤቱ ደኅንነት በአመዛኙ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ባሉት አምስትና ስድስት ሳምንታት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል ዘነበ?» የሚለው መሆኑ ቀርቶ «ዝናቡ መቼና እንዴት ይወጣል?» የሚለው ይሆናል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎችም የወቅቱን ትንበያ ሲያቀርቡ ከዝናቡ መጠን ጎን ለጎን ስለ «አገባቡ፣ ሥርጭቱና አወጣጡ» የሚናገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ክረምት፣ መጸው ወይስ በጋ?

ስለዚህ ወቅት ሲነገር በመጀመሪያ ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች ሴፕቴምበር ሲገባ የሚያዩት የሚያጥር ቀን፣ የሚረግፍ ቅጠልና የሚከብድ ደመና ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ግን በዚያው ወር ሰማዩ ይገለጣል፣ ጭጋጉ ይነሣል፣ ሜዳውም በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። በዚህ አቆጣጠር መሠረት አዲሱ ዓመት የሚገባው ክረምቱ ሳይወጣ ነው።

የሚቲዎሮሎጂ አከፋፈል ደግሞ ሦስት ወቅቶችን ብቻ ያውቃል። በልግ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ፣ ክረምት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ በጋ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ያሉትን ወራት ይይዛሉ። ሁለቱ አቆጣጠሮች በስያሜ ቢለያዩም የሚገናኙበት ስፍራ አለ። ክረምት የሚያበቃበትን ጊዜ አንደኛው በመስከረም 25፣ ሌላው በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ማለትም በመስከረም 20 ገደማ ያስቀምጡታል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከአንድ ሳምንት አይበልጥም።

ነገር ግን ይህ ቀን የብዙ ዓመታት አማካይ እንጂ በየዓመቱ የሚከበር ቀጠሮ አይደለም። ዝናቡ በአንዳንዱ ዓመት መስከረም ሳይጋመስ ይቆማል፤ በሌላው ዓመት ደግሞ ጥቅምትን አልፎ በአጨዳ ላይ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው የጥቂት ሳምንታት ልዩነት ለአንድ ቤተሰብ የጥጋብና የችግር ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ዝናቡ እንዴት ይወጣል?

በክረምት ወራት የፀሐይ ሙቀት ወደ ሰሜናዊው የምድር ክፍል ስለሚያደላ ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱ ነፋሳት የሚገናኙበት የዝናብ መቀነት ከኢትዮጵያ በስተሰሜን ይሰፍራል። ያን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከአትላንቲክ ውቅያኖስ አቅጣጫ፣ እንዲሁም ከህንድ ውቅያኖስ የሚነሣ እርጥበት አዘል አየር ወደ ደጋው ይገፋል። ተራራው አየሩን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ወደ ላይ የወጣ አየር ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘውም እርጥበቱን በዝናብ መልክ ይጥላል።

በመስከረም 12 ወይም 13 ገደማ ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ፤ ፀሐይም የምድር ወገብን አቋርጣ ወደ ደቡብ ታመራለች። የዝናብ መቀነቱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይከተላታል። በከፍታ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ይዳከማል። በእርጥበት አዘሉ አየር ፋንታ ከዓረቢያ ምድርና ከዚያም ባሻገር ካለው የእስያ ክፍል የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይገባል።

በዚህ ምክንያት ዝናቡ አገሪቱን በአንድ ቀን አይለቅም። በመጀመሪያ የሚለቀው ሰሜኑንና ሰሜን ምሥራቁን፣ ማለትም ትግራይን፣ አፋርንና የአማራን ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ቀጥሎ ከመካከለኛው ደጋ ይወጣል፤ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ግን እስከ ጥቅምትና ኅዳር ሊቆይ ይችላል። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ፣ በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች ደግሞ ኦክቶበር የዝናብ ማብቂያ ሳይሆን የሁለተኛው የዝናብ ወቅት መግቢያ ነው።

የአዲስ አበባ የረጅም ጊዜ አማካይ የሽግግሩን ፍጥነት ያሳያል። ከተማዋ በኦገስት ወር ወደ 290 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። በሴፕቴምበር ይህ መጠን በግማሽ ያህል ቀንሶ 150 ገደማ ይሆናል፤ በኦክቶበር ደግሞ ወደ 30 ሚሊሜትር ይወርዳል። በሁለት ወራት ውስጥ ዘጠኝ አሥረኛው ዝናብ ጠፋ ማለት ነው።

የሚወጣ ዝናብ የራሱ ጠባይ አለው። በሐምሌ እንደሚታየው ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ደመናና ረዘም ያለ ካፊያ በመስከረም ይቀራል። ጠዋቱ ብራ ይሆናል፤ ፀሐይዋ እርጥቡን ምድር ታሞቃለች፤ ከቀትር በኋላ በተራሮች አናት ላይ ደመና ይቆለላል፤ አመሻሹ ላይም ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ይወርዳል። ዝናቡ ለአጭር ጊዜና በጠባብ ቦታ ላይ የሚጥል በመሆኑ አንዱን ማሳ አበላሽቶ ጎረቤቱን ሳይነካ ማለፉ የተለመደ ነው።

አንድ ዝናብ፣ ሦስት ትርጉም

የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሣል። በቆቃ አልፎ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፋል። ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በጉዞው ላይ ከሸዋና ከወሎ ተራሮች የሚወርዱት ከሰም፣ ቦርከና፣ ሚሌና ሎጊያን የመሳሰሉ ገባር ወንዞች ይቀላቀሉታል።

በዚህ ተፋሰስ ውስጥ ከፍታ ሁሉን ነገር ይለውጣል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስትገኝ የአዋሽ ሰባት ከተማ ከፍታ ግን ወደ 1,000 ሜትር ብቻ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል በአንድ ቀን የ12 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር አያስገርምም። በመሆኑም ተመሳሳይ የመስከረም ዝናብ በደጋው፣ በወይና ደጋውና በቆላው ሦስት የተለያዩ ትርጉሞች ይኖሩታል።

በደጋው ዋናው ስጋት ውርጭ ነው። ገብስና ባቄላ ገና ፍሬ በሚቋጥሩበት ጊዜ ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ ሰማዩ በሌሊት ይራቆታል። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ሲነሣ በቀን የተጠራቀመው ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ በተራራው ጎን እየተንሸራተተ በረባዳው ሜዳ ይተኛል። ስለዚህ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ተዳፋት ላይ ያለው ሰብል ተርፎ ከግርጌው ያለው በአመዳይ ሊመታ ይችላል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል ስለ ሰው ብርድ የተነገረ ቢሆንም ብርዱ በሰብሉም ላይ የሚበረታው ከዚያው ወር ጀምሮ ነው።

በወይና ደጋው ጉዳዩ የጤፍ ነው። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ የተዘራ ጤፍ በመስከረምና በጥቅምት ያብባል፣ ፍሬም ይሞላል። ዝናቡ በመስከረም መጀመሪያ ላይ በድንገት ቢቆም ዘለላው ያማረ ቢመስልም ፍሬው ይቀጭጫል። ሳይቆም ዘግይቶ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ቢዘንብ ደግሞ የደረሰው ሰብል ይጋደማል፤ የታጨደው ነዶ በማሳው ላይ ይረጥባል፤ የተከመረውም ይሻግታል ወይም ያበቅላል። ውኃ የሚይዘው መረሬ አፈር ግን ለገበሬው አንድ ተጨማሪ ዕድል ይሰጠዋል። ዝናቡ ሲቀንስ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽንብራና ጓያ ይዘራበታል። ለዚህ ገበሬ የመስከረም የመጨረሻ ዝናቦች እንደ ዘር ያህል ውድ ናቸው።

በተራሮቹ ግርጌ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አካባቢ፣ ማሽላው በዚሁ ጊዜ እሸት እየያዘ ነው። እዚያ ያለው አርሶ አደር መስከረም ሙሉውን ልከኛ ዝናብ ቢያገኝ ይመርጣል። ከደጋው የሚወርደው ድንገተኛ ጎርፍ ግን የአትክልት ማሳውን ጠርጎ እንዳይወስድበት ይሰጋል።

በቆላው፣ በአፋር ሜዳ፣ ነገሩ ከሁሉም ይለያል። የታችኛው አዋሽ ሜዳ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በብዙ ቦታዎች ከ300 ሚሊሜትር አይዘልም። አርብቶ አደሩ «ከርማ» በሚለው ዋነኛ የዝናብ ወቅቱ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ የሚበቅለው ሣር ለረጅሙ ደረቅ ወቅት ስንቅ ይሆነዋል። ትልቁ አደጋ የሚመጣው ግን በራሱ ሰማይ ላይ ካለው ደመና አይደለም። በነሐሴና በመስከረም በሸዋና በወሎ ተራሮች ላይ የጣለው ዝናብ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ፀሐይ በጠራራችበት ሜዳ ላይ በጎርፍ መልክ ይደርሳል። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያና በ2013 ዓ.ም. መግቢያ፣ እ.አ.አ. በኦገስትና በሴፕቴምበር 2020፣ የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ በመፍሰሱ በአፋር ክልል በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ እርሻና የግጦሽ መሬትም በውኃ ተውጧል።

የደራሽ ጎርፍ ፍጥነት ምን ያህል እንደሆነ ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. አይታለች። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ማብቂያ፣ ነዋሪው በተኛበት ሌሊት፣ ከላይ ካሉት ተራሮች የወረደው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

የግድቦቹ አጣብቂኝ

ከተራራው ዝናብና ከሜዳው ጎርፍ መካከል የቆመው ትልቁ መከላከያ በ1952 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 1960) የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ነው። ከሱ በታች ባለው ተፋሰስ የከሰምና የተንዳሆ ግድቦች ይገኛሉ።

የመስከረም ትንበያ ለግድብ አስተዳዳሪዎች ከባድ ምርጫ ያቀርባል። ረጅሙ ደረቅ ወቅት ከመግባቱ በፊት ለመስኖና ለኤሌክትሪክ ኃይል የሚሆን ውኃ መያዝ ስላለበት ግድቡ ክረምት ሲወጣ ሙሉ ሊሆን ይገባል። ሙሉ በሆነ ግድብ ላይ ግን ዘግይቶ የመጣ ኃይለኛ ዝናብ ማረፊያ አያገኝም፤ ውኃው ወደ ታች መለቀቅ አለበት። ውኃው ቀድሞ ከተለቀቀና ዝናቡም ቀድሞ ከወጣ ደግሞ በጋው በጎደለ ግድብ ይጀመራል። ቆቃ ከተሠራ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት ከተራቆቱት ተዳፋቶች በሚታጠበው ደለል የመያዝ አቅሙ በእጅጉ በመቀነሱ አጣብቂኙ እየጠበበ መጥቷል። ስለዚህ ዝናቡ የሚወጣበትን ቀን አስቀድሞ መገመት ለታችኛው ተፋሰስ ነዋሪ የማምለጫ ጊዜ ማግኘት ማለት ነው።

ከሩቅ ውቅያኖስ የሚመጣ ምልክት

የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ከወራት በፊት ስለ መጪው ወቅት መናገር የሚችሉት ውቅያኖሶች ቀስ ብለው የሚለወጡ በመሆናቸው ነው። በአየር ላይ ያለ ደመና በሰዓታት ውስጥ ይበተናል። የሞቀ የውቅያኖስ ገጽ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚታዩት ሁለት ምልክቶች ናቸው። የመጀመሪያው በመካከለኛውና በምሥራቃዊው የፓሲፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ የሚከሠተው ከወትሮው ያለፈ ሙቀት፣ ኤልኒኖ፣ እንዲሁም ተቃራኒው ቅዝቃዜ፣ ላኒና ነው። ኤልኒኖ በኢትዮጵያ ሰሜናዊና መካከለኛ ደጋ የክረምቱን ዝናብ የማዳከም ጠባይ አለው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ እ.አ.አ. በ2015፣ ከተመዘገቡት እጅግ ኃይለኛ ኤልኒኖዎች አንዱ በነበረበት ጊዜ፣ አፋርን፣ ምሥራቅ አማራንና ትግራይን ጨምሮ ሰፊ የአገሪቱ ክፍል በድርቅ ተመታ፤ በተከታዩም ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኑ።

ሁለተኛው ምልክት በህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊና ምሥራቃዊ ክፍሎች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው፤ ባለሙያዎች የህንድ ውቅያኖስ ዳይፖል ይሉታል። ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ወዲህ ያለው ውኃ ከኢንዶኔዥያ አቅጣጫ ካለው ይልቅ ሲሞቅ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያለው ዝናብ በአፍሪካ ቀንድ ይበረታል። እ.አ.አ. በ2019 መጨረሻ ይህ ልዩነት እጅግ ጎልቶ በታየበት ጊዜ ምሥራቅ አፍሪካ በከባድ ጎርፍ ተጥለቅልቃለች፤ የምድሩ እርጥበትም የበረሃ አንበጣ እንዲራባ ረድቷል።

እነዚህ ምልክቶች በአንድ አገር ውስጥ ተቃራኒ ውጤት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ኤልኒኖ ለሰሜኑ ደጋ የክረምት ዝናብ ስጋት ሲሆን በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ በኦክቶበርና በኖቬምበር ዝናቡን ያበረታል። ላኒና በአንጻሩ ለደጋው ክረምት በአብዛኛው ምቹ ሆና ሳለ የደቡቡን ሁለተኛ የዝናብ ወቅት ታደክማለች። እ.አ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ላኒና ዋና ድርሻ ነበራት። በመሆኑም «ዘንድሮ ኤልኒኖ ነው» የሚል ዜና የሰማ ሰው «ለየትኛው አካባቢና ለየትኛው ወር?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

«45 በመቶ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአገር ደረጃ የወቅት ትንበያ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። በቀጠናው ደረጃ ደግሞ የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያና አተገባበር ማዕከል፣ በምሕጻሩ ኢክፓክ፣ የአገራቱን ባለሙያዎች በዓመት ሦስት ጊዜ እየሰበሰበ የጋራ ትንበያ ያወጣል። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያለው ወቅት ትንበያ በተለምዶ ይፋ የሚሆነው በኦገስት መጨረሻ ላይ ነው።

በእነዚህ ካርታዎች ላይ የሚታዩት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያዎቹ የ30 ዓመት መረጃ፣ ለምሳሌ ከ1991 እስከ 2020 እ.አ.አ. ያለውን፣ ወስደው ከደረቁ ወደ እርጥቡ ይደረድሩታል። አሥሩ ደረቅ ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ አሥሩ መካከለኞች «መደበኛ»፣ አሥሩ እርጥቦች «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ስለ መጪው ወቅት ምንም ፍንጭ ባይኖር ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጠው ዕድል 33 በመቶ ያህል ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ አካባቢ ላይ «ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ» የሚል ትንበያ ቢወጣ፣ ሚዛኑ ወደ እርጥቡ ማዘንበሉን ይገልጻል እንጂ ብዙ እንደሚዘንብ ቃል አይገባም። ከአምስት ዓመት በአንዱ ወቅቱ ደረቅ የመሆን ዕድል አሁንም አለው። ወቅቱ ደረቅ ሆኖ ቢገኝም ትንበያው ዋሸ ሊባል አይችልም። የትንበያው ትክክለኛነት የሚለካው በብዙ ዓመታት ድምር ነው።

ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ የሚያስከትለው ውሳኔም እንደ ሰውየው ይለያያል። በአዋሽ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ የ45 በመቶ ዕድል ከብቶችን ወደ ከፍታ ቦታ አስቀድሞ ለማንቀሳቀስ በቂ ምክንያት ነው፤ ስሕተት ቢሆን የሚያጣው የጥቂት ቀናት ድካም ሲሆን ትክክል ቢሆን የሚያተርፈው ሕይወቱን ነውና። ሽንብራ ሊዘራ የተዘጋጀ ገበሬ ደግሞ በዚሁ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ዘሩን በጥቂቱ ሊያዘገየው ይችላል።

ሌላም ገደብ አለ። የወቅት ካርታ በአንድ ቀለም የሚሸፍነው ስፍራ ደብረ ብርሃንንም አዋሽ ሰባትንም አንድ ላይ ሊይዝ ይችላል። ካርታው የተራራውን ጥላ፣ የሸለቆውን ነፋስና በአንድ ቀበሌ ላይ የሚወርደውን በረዶ አያይም። የሦስት ወር ድምርም ዝናቡ በሦስት ቀን ዶፍ ይምጣ ወይም በሠላሳ ቀን ልከኛ ዝናብ አይለይም። ዝናቡ የሚወጣበት ቀን ከአጠቃላይ መጠኑ ይልቅ ለመተንበይ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የወቅቱ ትንበያ በመስከረም ውስጥ በየአሥር ቀኑና በየዕለቱ ከሚወጡ የአጭር ጊዜ ትንበያዎች ጋር አብሮ መነበብ አለበት።

ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ የሚታዩ ነገሮች

በመስከረም የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ዓይን የሚጣለው በወንዞችና በግድቦች ላይ ነው። ምድሩ ከነሐሴ ጀምሮ ውኃ ጠጥቶ ስለጠገበ ተጨማሪው ዝናብ ሳይሰርግ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ በተራሮቹ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ተከታታይ ከባድ ዝናብ ከታየ በታችኛው አዋሽ ያለ ሰው በራሱ ሰማይ ጥራት መዘናጋት አይገባውም።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ መስቀልና ኢሬቻ በዓላት ባሉት ቀናት ነፋሱ ይታያል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስ ደረቅ ነፋስ ለተከታታይ ቀናት ሲጸና፣ የማለዳ ጉም ሲቀርና ጤዛ ሲበዛ፣ ዝናቡ ለመውጣት መቃረቡን ያመለክታል። ነፋሱ ተመልሶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዞር ደግሞ ወጣ የተባለው ዝናብ ለጥቂት ቀናት ሊመለስ ይችላል። ደመራ በዝናብ መበስበሱና በቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ዳር የተሰበሰበው የኢሬቻ ታዳሚ ዝናብ ማየቱ ያልተለመደ ነገር አይደለም።

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ የሚጠበቀው የሌሊቱ ብርድ ነው። ነፋስ የሌለበት፣ ከዋክብት ያደመቁት ሌሊት ለደጋው ገበሬ የውርጭ ምልክት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዝናብ ይጥላል የሚል የአጭር ጊዜ ትንበያ ሲወጣ ደግሞ የደረሰውን ሰብል በደቦ ፈጥኖ መሰብሰብና ክምሩን በላስቲክ መሸፈን የዓመቱን ምርት ሊያድን ይችላል።

ዝናቡ ከወጣ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። በየጉድጓዱ የተጠራቀመው ውኃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ስለሚሆን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ በኢትዮጵያ የወባ ስርጭት ከፍ የሚልበት ነው። የሙቀት መጨመር ይህን አደጋ ወደ ከፍታው እየገፋው ነው። እ.አ.አ. በ2014 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ፣ የደብረ ዘይት አካባቢንና የኮሎምቢያን ደጋዎች የመረመረ ጥናት፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። ወባ አያውቀንም ይሉ በነበሩ የወይና ደጋ ቀበሌዎችም በመጸው መግቢያ አጎበር ማዘጋጀት ብልህነት ነው።

በስልኩ ወዲያና ወዲህ

ከአገር ርቀው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለቤተሰባቸው የሚልኩት ገንዘብ ከበዓሉ ወጪ ባለፈ የአጨዳ ሠራተኛ የሚቀጠርበት፣ ላስቲክና አጎበር የሚገዛበት፣ ከብት ወደ ሌላ ስፍራ የሚነዳበት ነው። በእነዚህ ሳምንታት አሥር ቀን መቅደምና መዘግየት ትልቅ ልዩነት አለው።

በእንቁጣጣሽ የተጠየቀው ጥያቄም በመስቀል ሰሞንና በጥቅምት አጋማሽ ቢደገም መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። «ዝናቡ ጥሩ ነው» ላለ አባት «መጨረሻ የዘነበው መቼ ነው? ጤፉ ፍሬ ሞላ ወይስ ገና አበባ ላይ ነው? ሌሊቱ በረደ? ከላይ ያለው ወንዝስ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ደብረ ብርሃን ያለው «ብርዱ ቀድሞ ገባ» ሲል፣ ሸዋ ሮቢት ያለው «ማሽላው አንድ ዝናብ ይቀረዋል» ይል ይሆናል፤ አሳይታ ያለው ደግሞ ሰማዩ ብራ ሆኖ ሳለ የወንዙን ድምፅ እየሰማ ነው። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ዝናብ ነው።